ዝናብ ቢጥልስ?

መጠይቁ ከዋናው ደሴት በፖስታ መጣ፤
ሃያ አራት ቅጂ፣ ለሃያ ሦስት ልጆች።
ስም አይጻፍበትም፣ ቁጥር ብቻ ይከበባል፤
አንድ ማለት «በፍጹም»፣
አምስት ማለት «ያለ ጥርጥር»።

«ዝናብ ቢጥልስ፣ ስፖርትህን ትሠራለህ?»
ክፍሉ በሳቅ ፈረሰ።
እዚህ ክላክስቪክ ዝናብ «ቢጥልስ» አይባልም፤
ዝናብ ጎረቤት ነው፣ ሳያንኳኳ የሚገባ።
ጥያቄውን የጻፈው ሰው
ጥላ ይዞ የሚወጣ ሰው መሆን አለበት።

«ጓደኛ ባይኖርስ?» ሳቁ ቀነሰ።
«ሰው እያየ ቢስቅስ?»
ያን ጊዜ የእርሳሶች ድምፅ ብቻ ቀረ፣
ቆርቆሮ ላይ እንደሚራመድ የወፍ እግር።

ስሜ ትሮንዱር ነው፤ የስፖርት መምህር ነኝ፤
ጉልበቴ ሁለቴ ተቀዶ ሁለቴ ተሰፍቷል፤
ፊሽካ ከአንገቴ አይወርድም፣ እራት ላይ እንኳ።
ማታ ወረቀቶቹን ወጥ ቤት ጠረጴዛዬ ላይ ዘረጋሁ።
ስም የለም። ግን አንዷ በአረንጓዴ ቀለም ከብባለች፤
«እርሳስ አልፈልግም» ያለችኝ ራንቫ ብቻ ነበረች።
አንድ። አንድ። አንድ። አንድ።
ዝናቡ ላይ ብቻ አምስት።

ከዝናብ ጠብ የላትም፤
ጠቧ ከዐይን ጋር ነው።

ዐይኑን የሰበሰብኩት እኔ ነበርኩ።
ከሁለት ዓመት በፊት፣ የእጅ ኳስ ሜዳ፣
«ሁለት አለቆች ቡድን ይምረጡ» ያልኩት እኔ።
ስም ሲጠራ፣ አግዳሚው ሲሳሳ፣
ስም ሲጠራ፣ አግዳሚው ሲሳሳ፣
በመጨረሻ አንዲት ልጅና ረጅም እንጨት ቀሩ።
«እናንተ ውሰዷት።» «የለም፣ እናንተ።»
እንደ ተረፈ ዕቃ።
እኔስ ምን አደረግሁ? ፊሽካዬን ነፋሁ።
ከዚያ ወዲህ በየሳምንቱ የሆድ ቁርጠት ወረቀት፤
ፊርማው የእናቷ፣ እጅ ጽሑፉ የእሷ፤
ሰፊ ትከሻዋንም ከሰፊ ሹራብ ሥር ቀበረችው።

በግንቦት የቢሪታ ጀልባ አንድ ቀዛፊ ጎደለው፤
አንዷ ከብስክሌት ወድቃ አንጓዋ ተሰብሮ።
ቢሪታ እኔን አላማከረችም፤ ደግ አደረገች።
በቀጥታ ሄዳ የሹራቡን ትከሻ በስንዝር ለካች፦
«ይሄን የሚያህል ነገር ሥራ ፈቶ ይኖራል እንዴ?»

መቅዘፊያ ሲነከር ስድስቱም ባንድ አፍታ፣
ጀልባዋ ስትነጉድ ጨው ውኃውን ገፍታ፣
መዳፏ ተላጠ፣ ቆስሎ ጠነከረ፤
ከሹራቡ ወጥቶ ትከሻ ተማረ።

ቀዛፊ ለሚሄድበት ጀርባውን ይሰጣል፤
የሚያየው የመጣበትን ነው፣
የሚያየው የጓደኛውን እርጥብ ጀርባ ነው።
ዳር ቆሞ የሚስቅ ቢኖር
እየራቀ የሚያንሰው እሱ ነው።

በሰኔው ውድድር አምስተኛ ወጡ።
የተወዳደሩት ጀልባዎች አምስት ነበሩ።
ራንቫ በጀልባው ጠርዝ ተደፍታ አስመለሰች፣
አፏን በእጅጌዋ ጠረገች፣
ቀና ብላም «ቀጣዩ መቼ ነው?» አለች።

በመስከረም ያው መጠይቅ ተመልሶ መጣ።
አረንጓዴውን ቀለም ፈለግሁ፤ አገኘሁት።
ዝናብ ቢጥልስ? አምስት፣ እንደ ጥንቱ።
ቢደክምሽስ? ሦስት።
ሰው እያየ ቢስቅስ?
አራትን ከብባ፣ ሰርዛ፣ ሦስት አደረገችው፤
እንደዚያ ሦስት ያለ እውነተኛ ቁጥር አላየሁም።
ጓደኛ ባይኖርስ? ሁለት።
ከጎኑ በደቃቅ ፊደል፦
«ጀልባ ስድስት ሰው ይፈልጋል። ጥያቄው ተሳስቷል።»

ዘንድሮም አንድ ቅጂ ተርፏል።
ፊሽካዬን አውልቄ ጠረጴዛው ላይ አኖርኩ፤
ለራሴ መሙላት ጀመርኩ።
ዝናቡን ወዲያው ከበብኩ።
«ሰው እያየ ቢስቅስ?» ላይ ስደርስ
እርሳሱን እንደያዝኩ
ሻዬ ቀዘቀዘ።